ባለቤቱ ቀድሞ ይውጣ

ባለፈው ሳምንት የስኳር መድኃኒቴን ልቀበል ስወጣ፣ ከአምቦ መናኸሪያ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሽታ አስቆመኝ። እርጥብ ኖራና አሁን የተላጠ ባሕር ዛፍ አንድ ላይ ሲሸቱ የማያውቅ ሰው ነገሩ አይገባውም፤ እኔ ግን በዚህ ሽታ እንጀራ በልቼበታለሁ፣ ልጆች አስተምሬበታለሁ። ቀና ስል ሕንፃ እየወጣ ነው። ፎቁን ልቆጥር አንገቴን ሳነሳ አንዲት ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ወጣት መሐንዲስ ሮጣ መጣችና «አባባ፣ እዚህ ጋ መቆም አይቻልም፣ ሴፍቲ ነው» ብላ ክንዴን ይዛ ወደ ማዶ አሻገረችኝ። «ይሄ ያደረግሽው ቆብ ስንት ነው ልጄ?» አልኳት። ነጋዴ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ዋጋውን አታውቀውም፤ ድርጅቱ ነው የሚገዛው። «የሕንፃው ባለቤትስ ያደርገዋል?» ብላት «እሱ አዲስ አበባ ነው ያለው» አለችኝ። «አንድ ቀን እንኳ እዚያ ላይ ወጥቶ አያውቅም?» ስላት ሳቀች። «ምን ሊያደርግ ይወጣል አባባ?» እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እሷ በእኔ ነው የሳቀችው፤ እኔ የሳቅሁት በራሴ በዱሮው በበቀለ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የማስታውሰው በዕቃ ዋጋ ነው። ቆርቆሮ አንዱ ሦስት ብር፣ ሚስማር ኪሎው ሁለት ስሙኒ፣ አጣና አንዱ አሥር ሳንቲም የነበረበት ጊዜ ነው። አጣናው ከጊንጪ በኩል በአህያ ተጭኖ ሲመጣ ጫፉ መንገዱን እየጫረ ስለሚመጣ፣ አቧራው ላይ የተሰመረውን መስመር አይቼ ስንት ጭነት ወደ ተፎካካሪዬ ሱቅ እንደታጠፈ አውቅ ነበር። ካኪ ሱሪ በልክ አሰፍቶ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ጸሐፊ ነው ብለን ከወንበራችን እንነሳለን። የጉልበት ሠራተኛው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ያደርጋል፤ እውነቱን ለመናገር ከጸሐፊው ጫማ ይልቅ የሚበረክተው እሱ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት የሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ሸክላዎቹ ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ስለተጫረ ዘፋኟ አንዲት ቃል ላይ ትቆምና፣ አሳላፊው መጥቶ መርፌውን እስኪገፋላት ድረስ ያችኑ ስትደጋግም ትውላለች። እስከ ዛሬ ያንን ዘፈን ሳንጎራጉር እዚያች ቃል ላይ ስደርስ አምስት ስድስት ጊዜ እደግማታለሁ፤ ልጆቼ እርጅና ይመስላቸዋል።

ያኔ በእኛ መንገድ ፎቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ሱቄ ወደ ገበያው በሚታጠፈው ማዕዘን ላይ ነበር፤ ሚስማር፣ ገመድ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ የቀለም ጣሳ እሸጣለሁ። ለሌላው ሰው ቤት የሚሠራበትን ዕቃ እየሸጥኩ እኔ በጭቃ ቤት መኖሬ ያሳፈረኝ ጀመር፤ እንዲያውም አንድ ደንበኛዬ «አቶ በቀለ፣ ሚስማርህ ጥሩ ከሆነ ለምን ለራስህ አትመታበትም?» ብሎኝ ሳምንት ሙሉ አልተኛሁም። ታችኛው በአምቦ ድንጋይ፣ ላይኛው በእንጨትና በጭቃ፣ ሰገነት ያለው ቤት ለመሥራት ቆረጥሁ። ባለቤቴ አስካለ «ደረጃውን ማን ሊወጣው ነው? አንተ እንደሆነ አልጋ ላይ ስትወጣም ታቃስታለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያኔም ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባ ነበር። ከፍታ ደግሞ አልወድም፤ በቅሎ ላይ ሆኜ ራሱ ወደ ታች አላይም።

ግንበኛው ኦቦ ቶሎሳ ይባሉ ነበር። በጎጆ ከተማ በኩል ከብርዱ አገር የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ሲስማሙ «ቶሌ»፣ ሳይስማሙ ዝም። ከጉደር እስከ ሆለታ እሳቸው በሠሩት ቤት ላይ ወድቆ የሞተ ሰው የለም ይባላል። ዋጋ ተነጋግረን ጨረስንና እጅ ከመማታታችን በፊት «አንድ ነገር ቀርቷል» አሉኝ።

«ምንድን ነው ኦቦ?»

«ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሠራተኛ ከአጣና የታሰረው መወጣጫ ላይ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱ ቀድሞ ይወጣል። ርብራቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ሦስት ጊዜ ይዘላል፣ ይወርዳል። ከዚያ ሥራ ይጀመራል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም። «ለምን?» ብላቸው፣ ወጣት ሳሉ በሌላ አገር ከአንድ ፎቅ ላይ አብሯቸው የሚሠራ ሰው እንደወደቀ ነገሩኝ። አጣናው የታሰረበት ገመድ በስብሶ ነበር። «ባለቤቱ ምሳ ላይ ነበር» አሉ፤ «ሲጠሩት መጣና ‹ማን ነበር ስሙ?› ብሎ ጠየቀን።» እጅ ተማታን።

አሁን የማልኮራበትን ልናገር። ለመወጣጫው ገመድ ማቅረብ የእኔ ፈንታ ነበር፤ በውላችን እንዲህ ነው። እኔ ደግሞ ከሱቄ ጥግ አይጥ የቀመሰችው፣ ለደንበኛ የማይታይ አንድ ጥቅል የቃጫ ገመድ ነበረኝ። ቤት ሲያልቅ ተፈትቶ ለሚጣል ነገር አዲስ ገመድ ማን ያወጣል ብዬ እሱን ሰጠሁ። የመጀመሪያው መወጣጫ ታስሮ አለቀና በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ቶሎሳ ሱቄ በር ላይ ቆመው «በል እንግዲህ፣ በቀለ» አሉኝ። ራሴን አሞኛል አልኳቸው። «ቶሌ» ብለው ሄዱ። ሠራተኛው ሁሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ወንድሜን ልላክ አልኩ። «የወንድምህ ቤት ነው?» አሉኝ። አሥራ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቆሎ ሲቆረጥም ዋለ፤ ሰኔ ደግሞ ከተራራው ማዶ እያጉረመረመ ነው፤ ከሱቁ አጠገብ የነበረው የጭቃ ቤቴ ጣሪያ ፈርሷል፤ ዕቃዬ በሸራ ተሸፍኖ ውጪ ነው ያለው። አስካለ በሱቁ መስኮት በኩል ብቅ ብላ «አንተ ሰው፣ ገመዱን ታውቀዋለህ ማለት ነው» አለች። ሴትዮዋ ሱቅ ሳትገባ የሱቁን ምሥጢር ታውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ፣ ከመደርደሪያው አናት ላይ ለሚሲዮን ደንበኞቼ የያዝኩትን አዲሱን ገመድ አውርጄ፣ ሁለት ሰዎች ቀስቅሼ፣ እያንዳንዷን ማሰሪያ አስፈትቼ አሳሰርኩ። ኦቦ ቶሎሳ ሲመጡ እኔ ርብራቡ ላይ ነኝ፤ ወደ ታች ሳላይ እየዘለልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከታች ሆነው ገመዱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ሱቅህ ውስጥ አዲስ ገመድ ነበረ እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ወጣሁ። ሰዉ ለማየት ይሰበሰብ ነበር፤ የቡና ቤቱ አሳላፊ ሳይቀር ሸክላውን አቁሞ ይወጣና «ዛሬ ትንሽ ከፍ አድርገው አቶ በቀለ!» ይለኛል። ሆዴ ቀነሰ። ፍርሃቴም ቀነሰ፤ እንዲያውም ወደድኩት። ከዚያ ላይ ሆኜ የሑሉቃን ወንዝ ሸለቆ፣ የፍልውሃውን ጭስ፣ የገበያውን መንገድ ሁሉ አያለሁ፤ ማን ከማን ሱቅ ገብቶ ባዶ እጁን እንደወጣ አያለሁ። ለነጋዴ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለም። በኋላማ ኦቦ ቶሎሳ «ውረድ እንጂ፣ ሰው ሊሠራ ነው» እስኪሉኝ ድረስ እዚያው እቆይ ነበር።

የመሰላሉን እግር የሚይዝልኝ ሸምሱ የሚባል ሰው ነው። ከቡታጅራ ወዲያ ከስልጤ አገር የመጣ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን እዚያው ትቶ እሑድ ሳይቀር የሚሠራ፣ ባሬላ ሙሉ ድንጋይ እንደ ትሪ የሚያነሳ ጎልማሳ ነበር። አማርኛውን አዲስ አበባ ለምዷል፤ ኦሮምኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ኦቦ አንዳንዴ በኦሮምኛ ነው የሚያዙት፤ ምን እያሉ እንደሆነ ትንሽ ቢነግሩኝ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ ሁለቱንም እየቀላቀልኩ የማወራ ሰው፣ ደንበኛ ይጠብቀኝ ስለነበር «ሸምሱ፣ የምከፍልህ ድንጋይ ልታነሳልኝ ነው፣ ቋንቋ ልትማርልኝ አይደለም» አልኩት። ዙሪያዬን የነበሩት ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

አንድ ጠዋት አካፍቶ ነበር። ታች ያለው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ኖራ ፈስሶበታል፤ እኔ መሰላሉን አጋምሼዋለሁ። ኦቦ ቶሎሳ ማዶ ቆመው ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በቱንቢ እያዩ ነው። ድንገት የመሰላሉ እግር መንሸራተት ሲጀምር እሳቸው ናቸው ያዩት። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲደነግጡ ግን የወጣላቸው የእናታቸው ቋንቋ ነው።

«ቀቢ! ቀቢ! ቀቢ!» ብለው ጮኹ።

በኦሮምኛ «ያዝ!» ማለታቸው ነው። ሸምሱ ግን የሰማው በአማርኛ ነው። በዚያ ሳምንት ሞገስ የሚባል ቀለም ቀቢ የታችኛውን ፎቅ በሮች ዘይት ቀለም እየቀባ ነበር፤ ኦቦ እንዲህ አምርረው ቀቢውን ከጠሩ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው ብሎ፣ ሸምሱ መሰላሉን ለቀቀና እየሮጠ ወደ ጓሮ ገባ። «ሞገስ! ቶሎ በል፣ ኦቦ ይጠሩሃል!» ሲል ይሰማኛል። ከዚያ መሰላሉ ከሥሬ ሄደ።

አንድ የመወጣጫውን አጣና በሁለት እጄ ይዤ ተንጠለጠልኩ። ፊቴ ፊት ለፊት፣ ከአፍንጫዬ ስንዝር የማይሞላ ቦታ ላይ፣ አጣናው የታሰረበት ቋጠሮ አለ። ሲጠብቅ ይጮሃል። ያንን ገመድ ስንቴ ሸጫለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አተኩሬ አይቼው አላውቅም። ያ አይጥ የቀመሰችው ቢሆን ኖሮ ይህን የምትሰሙት ከአስካለ ነበር። ከጓሮ ሞገስ ቡሩሹን እንደያዘ ብቅ አለና «አቤት ኦቦ! እኔን ነው?» አለ። ከዚያ ወደ ላይ አየኝ። «ውይ! አቶ በቀለ፣ እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

ኦቦ ቶሎሳና ሁለት ሰዎች መሰላሉን መልሰው አቆሙልኝ፤ ስወርድ ግን ቀኝ ትከሻዬ ከቦታው ወልቆ ነበር። ወጌሻዋ ቅቤ ቀብታ፣ ጉልበቷን ብብቴ ሥር አስገብታ መለሰችው። ስትመልሰው የጮኽኩትን ጩኸት የቡና ቤቱ ሸክላ እንኳ አልሸፈነውም።

ክንዴ በነጠላ ተንጠልጥሎ ስመለስ ሸምሱን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አባረርኩት። «አምቦ ላይ ዳግመኛ ሥራ አታገኝም!» አልኩት። ይህን ስል አፌ ብቻ አልነበረም፤ ያኔ በከተማው የሚገነባ ሰው ሁሉ ሚስማር የሚገዛው ከእኔ ነውና፣ ቃሌ በሚስማሩ ላይ አብሮ ይሄዳል። ሸምሱ ኖራውን ከበረባሶው አራገፈና ሄደ።

ኦቦ ቶሎሳ ቱንቢያቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

«ምን እያደረጉ ነው ኦቦ?»

«እኔም ልሄድ ነዋ።»

«ሊገድለኝ ነበር እኮ!»

«እኔ ነኝ ልገድልህ የነበርኩት። ባልሰጠሁት ቃል ነው የጠራሁት። እሱ የሰማውን አደረገ፤ ያውም እየሮጠ።» ቱንቢውን ኪሳቸው ከተቱት። «እሱ ከሄደ እኔም ሄድኩ። ሌላ ግንበኛ ፈልግ።»

ሰኔ ደርሷል፤ ዕቃዬ ሸራ ሥር ነው፤ ከላይ ጣሪያ የለም። ወደ ጉደር ሰው ልኬ ሌላ ግንበኛ አስመጣሁ። ሰውየው ግድግዳውን ዞሮ አየና «የማን እጅ ነው?» አለኝ። የቶሎሳ ነው አልኩት። «እሳቸው ከተዉት ምክንያት አላቸው» ብሎ ምሳውን በልቶ ሄደ። ምሳው ደግሞ የእኔ ነበር።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ሲያስፈራራ ሸምሱን ፍለጋ ወጣሁ። ለአስካለ ጣሪያ ስለጨነቀኝ ነው አልኳት፤ እሱም አለበት፣ አልዋሽም። ከድልድዩ አጠገብ የጭነት መኪና እየጠበቀ አገኘሁት፤ ዕቃው በአንድ ማዳበሪያ ተጠቅልሏል። ትከሻዬን አየና ተነስቶ ቆመ።

«አመመዎት ጋሼ?»

«ተወው እሱን። ለምን ለቀቅከኝ?»

«‹ቀቢ› ሲሉ ሞገስን ጠራሁ። ‹ያዝ› ቢሉኝ እኮ እጄ ቢቆረጥ አልለቅም ነበር።» ቀጥሎም ቁጣ በሌለው ድምፅ «ያን ዕለት ጠይቄዎት ነበር» አለኝ።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ተከራክሮኛል፤ በሚዛን፣ በሜትር፣ በቆርቆሮ ውፍረት። ያን ቀን ግን ድልድዩ ላይ ቆሜ የሚያልፉትን አህዮች መቁጠር ጀመርኩ። በመጨረሻ ማዳበሪያውን በደህናው እጄ አነሳሁና «ና» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ ልያዘው» ቢለኝም አልሰጠሁትም፤ ከባድ ነበር፣ ግን እስከ ሱቁ ድረስ ተሸከምኩት። የቡና ቤቱ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። የማዕዘኑ ነጋዴ የቀን ሠራተኛውን ጓዝ ተሸክሞ ሲሄድ ከዚያ በፊት አልታየም።

ኦቦ ቶሎሳ ግቢው ውስጥ አልነበሩም፤ አስጠራኋቸው። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አሸዋው ላይ ቆሜ ሸምሱ ምን እንደጠየቀኝና እኔ ምን እንደመለስኩለት፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ተናገርኩ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ኦቦ ቶሎሳ «ቶሌ» አሉ። ከዚያ ቱንቢያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ዘልዬ ስወርድ ሥራ ወዲያው አይጀመርም ነበር። ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቆምና ያዝ፣ ልቀቅ፣ ዞር በል የሚሉት ሦስት ቃላት በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሸምሱም ቋንቋ ይባላሉ፤ ሁሉም ተራ በተራ ይጮሃል። ከመንገድ የሚያየን ሰው ጸሎት እያደረስን ይመስለዋል። «ቀቢ» የሚለው ቃል ለመያዝ ብቻ ተወሰነ፤ ሞገስ «ባለ ቀለሙ» እንዲባል ተስማማን። እሱ ግን ቅር አለው፤ «ከአባቴ የወረስኩትን ሙያ ነጠቃችሁኝ» ይል ነበር። የከተማው ሰው ደግሞ ከዚያ የባሰ ስም አወጣለት፤ «አቶ ያዝ» እያለ ይጠራው ጀመር፤ እስከ ሽምግልናው በዚያው ቀረ። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ጣሪያው ተመታ። ዕቃዬ ከሁለት ኩንታል ሲሚንቶ በቀር አልረጠበም። አንድም ሰው አልወደቀም።

ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ ብዙ ክረምት አሳለፍኩ። ትከሻዬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከራዲዮኑ ቀድሞ ይነግረኛል፤ በዚህ የተነሳ ሸራ ቀድሜ አስገብቼ ብዙ ሸጫለሁ። ሸምሱ የጉልበቱን ዋጋ አጠራቅሞ፣ በኋላ ግንበኝነቱን ከኦቦ ቶሎሳ ተማረ፤ ቤተሰቡን አመጣ፤ ሚስቱ ከእኔ ሱቅ በታች ጨርቅ መሸጥ ጀመረች። ከዓመታት በኋላ ቆርቆሮ አምስት ብር ሲገባ የራሱን ቤት ሊሠራ ተነሳ። ግንበኛ ሆኖ ሳለ ግንበኛ ቀጠረ፤ «የራስህን ቤት ስትሠራ ስስት ይዞህ ታጎድላለህ» ብለው ኦቦ ቶሎሳ ነግረውታል። እሳቸው ያኔ አርጅተው፣ ጋቢ ለብሰው በወንበር ላይ ሆነው ነው የሚያዙት።

የመጀመሪያው መወጣጫ በታሰረ በማግስቱ ጠዋት ሸምሱ አስጠራኝ። ስደርስ ሠራተኛው ሁሉ ቁጭ ብሏል፤ ሸምሱ አዲስ ካኪ ሱሪውን ወደ ላይ አጥፎ መሰላሉ ሥር ቆሟል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለኝ። «እግሩን ይያዙልኝ።»

«ስንት ጠንካራ ሰው ቁጭ ብሎ እኔ ሽማግሌው?» ስለው፣ ኦቦ ቶሎሳ ከወንበራቸው ሆነው «እሱ የፈለገው አንተን ነው» አሉ።

ትከሻዬ ያን ጠዋት እየጠዘጠዘኝ ስለነበር መሰላሉን በግራ እጄ ብቻ ያዝኩት። ሸምሱ ሁለት እርከን ወጣና ቆመ፤ ወደ ታች አየኝ።

«ጋሼ፣ ያዙ እንጂ!»

«በየትኛው ቋንቋ?» አልኩት፤ ልቀልድበት ብዬ።

«ቋንቋውን ይተዉትና» አለኝ፣ «በሁለት እጅዎ ይያዙ!»

ያዝኩ። ከዳር እስከ ዳር ሄዶ፣ ሦስቴ ዘሎ፣ ወርዶ መሬት እስኪረግጥ ድረስ አልለቀቅኩም።